ልጅዎ የመኮንንነት ማመልከቻ ስትሞላ የእርስዎም ስም ይጻፋል

ልጅ ወይም እኅት በአሜሪካ የምትኖርላቸው እናቶች በየከተማችን ብዙዎች ናቸው። ከእነዚህ ልጆች መካከል ትምህርታቸውን ጨርሰው፣ ዜግነት ተቀብለው፣ በባንክ፣ በሆስፒታል ወይም በኮምፒዩተር ሥራ የተሰማሩ ይገኛሉ። ከዚያም አልፎ መደበኛ ሥራቸውን ሳይለቁ በዚያ አገር ተጠባባቂ ጦር ውስጥ በመኮንንነት ለማገልገል የሚያስቡ አይጠፉም።

ለመሆኑ ልጅዎ አንድ ቀን ደውላ የእርስዎን የትውልድ ቀን፣ የቤትዎን አድራሻና የመሥሪያ ቤትዎን ስም ብትጠይቅዎ፣ ይህም ለባሕር ኃይል የመረጃ መኮንንነት ማመልከቻ መሆኑን ብትነግርዎ ምን ይመልሱላታል? እናት ናትና ልቧ መደንገጡ አይቀርም። «መረጃ» የሚለው ቃል ብቻውን ያስፈራል። ይሁንና ነገሩን ሳያውቁ መከልከልም ሆነ ሳያውቁ መመረቅ ልጅን አይረዳትም። የዛሬው ጽሑፋችን ማመልከቻው ምን እንደሚጠይቅ፣ ቤተሰብን በምን በኩል እንደሚነካና እናት ምን ልታደርግ እንደምትችል ለማስረዳት የቀረበ ነው።

ቀጥተኛ ሹመት ማለት ምንድን ነው?

በአሜሪካ አንድ ሰው መኮንን ለመሆን በተለምዶ ጦር አካዳሚ ገብቶ አራት ዓመት ይማራል፤ ወይም በእጩ መኮንንነት ለወራት ይሠለጥናል። ቀጥተኛ ሹመት የሚባለው ግን ከዚህ የተለየ ነው። በሲቪል ሕይወቱ ሙያ ያካበተን ሰው ዕውቀቱን ቆጥሮና ሥልጠናውን አሳጥሮ የመኮንንነት ማዕረግ የሚሰጥበት አሠራር ነው። ሐኪሞች፣ የሕግ ባለሙያዎችና የሃይማኖት አባቶች ለረጅም ዘመን በዚህ መንገድ ገብተዋል። የባሕር ኃይሉ ተጠባባቂ ክፍል ደግሞ የመረጃ መኮንኖችን በዚሁ በር ይቀበላል። ጀማሪው ማዕረግ ኤንሳይን ይባላል፤ በምድር ጦር ከምክትል መቶ አለቃ ጋር የሚስተካከል ነው።

የመረጃ መኮንን ሲባል በፊልም ያየነው ኮቱን ገልብጦ የሚለብስ፣ ስሙን የሚቀያይር ሰው በዓይነ ኅሊናችን ይመጣል። የአብዛኛዎቹ ሥራ ግን በጠረጴዛ ዙሪያ ነው። ከየአቅጣጫው የሚመጣውን ሪፖርት ማንበብ፣ ከሳተላይት የተነሣን ፎቶግራፍ መመርመር፣ የመርከቦችን እንቅስቃሴ መከታተል፣ በመጨረሻም ለአዛዡ «የምናውቀው ይህ ነው፣ የማናውቀው ይህ ነው፣ ሊሆን የሚችለው ይህ ነው» ብሎ በአጭሩ ማስረዳት ነው። በባንክ የሒሳብ ምርመራ የሠራች ወይም በሆስፒታል የሕመምተኞችን መዝገብ ስትተነትን የኖረች ሴት ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለችም።

ተጠባባቂነቱ በወር አንድ ቅዳሜና እሑድ፣ በዓመትም ሁለት ሳምንት ያህል ማገልገልን ይጠይቃል። የመጀመሪያው የግዴታ ዘመን በሕጉ መሠረት ከ6 እስከ 8 ዓመት ነው። በአንድ ቅዳሜና እሑድ አራት የሥራ ክፍለ ጊዜ ስለሚቆጠር የአራት ቀን መደበኛ ደመወዝ ይከፈላል። 20 የአገልግሎት ዓመት የሞላላት በአብዛኛው ከ60 ዓመቷ ጀምሮ ጡረታ ታገኛለች። ከዚህም ሌላ ለራሷና ለቤተሰቧ በመጠነኛ ክፍያ የጤና መድን የመግዛት መብት አላት።

ሴቶች በዚህ በር መግባት የጀመሩት መቼ ነው?

በአሜሪካ ባሕር ኃይል የሴቶች ተጠባባቂ ክፍል የተቋቋመው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 30 ቀን 1942 በወጣ ሕግ ነበር። ክፍሉን እንዲመሩ የተጠሩት የዌልስሊ የሴቶች ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ሚልድሬድ ማካፊ ነበሩ። እኚህ ሴት በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር መጀመሪያ ላይ ከኮሌጅ ወንበራቸው በቀጥታ ለመኮንንነት ቃለ መሐላ ፈጸሙ። በዚያ ጦርነት ጊዜ በዋሽንግተን ከተማ፣ ቀድሞ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት በነበረ ግቢ ውስጥ፣ እጅግ ብዙ ሴቶች የጠላትን የምሥጢር መልእክት ሲፈቱ ውለው ያድሩ ነበር።

የሒሳብ መምህርቷ ግሬስ ሆፐርም የሚጠቀሱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1943 መጨረሻ ላይ ወደ ተጠባባቂው ክፍል ሲገቡ ዕድሜያቸው 37 ገደማ ነበር፤ ክብደታቸውም ከተወሰነው 15 ፓውንድ ያህል ይጎድል ስለ ነበር የገቡት በልዩ ፈቃድ ነው። ከጦር ኃይሉ የተሰናበቱት እ.ኤ.አ. በ1986፣ በ79 ዓመታቸው፣ በሪር አድሚራል ማዕረግ ነው። በኮምፒዩተር ሙያም ስማቸው ከቀዳሚዎቹ ተርታ የሚነሣ ነው።

ይሁንና በሩ ለእናቶች ወዲያው አልተከፈተም። ከ1951 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለ ትእዛዝ መሠረት ያረገዘች ወይም በቤቷ ልጅ የምታሳድግ ሴት ከጦር ኃይሉ ትሰናበት ነበር። ይህ አሠራር የተሻረው በ1970ዎቹ አጋማሽ፣ ሴቶቹ ራሳቸው በፍርድ ቤት ተከራክረው ነው። በውጊያ ክፍሎች የነበረው የመጨረሻው ክልከላ የተነሣው ደግሞ በታኅሣሥ 2015 እ.ኤ.አ. በተሰጠ ውሳኔ ነው። እንግዲህ ዛሬ አንዲት እናት ለመኮንንነት ማመልከት መቻሏ በነፃ የተገኘ መብት አይደለም።

የማመልከቻው መንገድ

በመጀመሪያ የአሜሪካ ዜግነት ግድ ነው። የመኖሪያ ፈቃድ ያላት ሴት አብዛኛውን ጊዜ ዜግነት ለመጠየቅ 5 ዓመት፣ ዜጋ አግብታ አብራው የምትኖር ከሆነ 3 ዓመት መጠበቅ ይኖርባታል። ቀጥሎ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ያስፈልጋል። ዲግሪው ከአገር ቤት የተገኘ ከሆነ ከአሜሪካው ጋር ተመዛዛኝ መሆኑ በሚመለከተው ክፍል መረጋገጥ አለበት። የዕድሜ ጣሪያም አለው፤ 40ዎቹን ከጀመሩ ወዲያ በሩ እየጠበበ ይሄዳል።

ቀጥሎ አመልካቿ የመኮንኖች መልማይ ታነጋግራለች። የትምህርት ማስረጃዋን፣ የሥራ ታሪኳን፣ የድጋፍ ደብዳቤዎችንና ለምን ማገልገል እንደምትፈልግ የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ ታቀርባለች። በሥራው ላይ ያሉ የመረጃ መኮንኖች ተቀምጠው ይጠይቋታል። የሕክምና ምርመራ ታደርጋለች። ማኅደሩ ተሟልቶ ለመራጭ ቦርድ ይቀርባል፤ ቦርዱም በየጊዜው ተሰብስቦ ከብዙ አመልካቾች ጥቂቶቹን ይመርጣል። በመጀመሪያው ያልተሳካላቸው ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ ማመልከታቸው የተለመደ ነው። የተመረጠችው ቃለ መሐላ ፈጽማ በሮድ አይላንድ ክፍለ ሀገር በኒውፖርት ከተማ የመኮንንነት ሥልጠና፣ ከዚያም በቨርጂኒያ በዳም ኔክ የመረጃ ሙያ ትምህርት ትከታተላለች። ሥራውን ችላ ለመቆም ከዚያም በኋላ ዓመታት ይፈጃል።

የቋንቋ ዕውቀት እንደ ተጨማሪ ጥቅም ይቆጠራል። የአማርኛም የቋንቋ ፈተና አለ። ይሁን እንጂ አማርኛ መቻል ብቻውን መኮንን አያደርግም።

ቅጹና የእናት ስም

ከሁሉም የሚከብደው የምሥጢር ጥበቃ ፈቃድ ነው። ለዚህ የሚሞላው ኤስ ኤፍ 86 የሚባለው ቅጽ ከ100 ገጽ በላይ ነው። አመልካቿ ባለፉት 10 ዓመታት የኖረችበትን ቤትና የሠራችበትን መሥሪያ ቤት ሁሉ በተርታ ትጽፋለች። አባት፣ እናት፣ ወንድምና እኅት፣ ልጆችና አማቶች በሕይወት ቢኖሩም ባይኖሩም ይመዘገባሉ። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ አዲስ አበባ፣ ጎንደር ወይም ደሴ የተቀመጡት እናት ስም የሚገባው።

ቅጹ ስለ እናት የሚጠይቀው የትውልድ ቀንና ቦታ፣ ዜግነት፣ አድራሻ፣ የሥራ ቦታ፣ ከልጅቱ ጋር በምን ያህል ጊዜ እንደሚገናኙ ነው። እናት በውጭ አገር መንግሥት፣ ጦር ወይም የደኅንነት መሥሪያ ቤት ውስጥ የሚሠሩ ከሆነ ይህንኑ መግለጽ ያስፈልጋል። ስለዚህ እርስዎ በሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ወይም የሒሳብ ሠራተኛ ከሆኑ ልጅዎ «የመንግሥት ሠራተኛ ናት» ብላ መጻፍ አለባት። ይህ ሊያሳፍርዎ ወይም ሊያሳስብዎ አይገባም። መርማሪዎቹ የሚመዝኑት ዘመዱ ጫና ሊደረግበትና በእርሱ በኩል ልጅቱ ልትያዝ ትችል እንደ ሆነ ነው።

ቀድሞ እጅግ ጥብቅ ምሥጢር ለሚይዝ ሰው የቅርብ ቤተሰቦቹም የአሜሪካ ዜጎች እንዲሆኑ ይጠበቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው መመሪያ የዜግነቱን ግዴታ በአመልካቹ ላይ ብቻ አደረገው። በዚህም ምክንያት እናታቸው በአገር ቤት ያሉ ስደተኞች የማመልከት ዕድል ሰፋላቸው። ዘመዶች ግን መመርመራቸው አልቀረም። ከ2017 ጀምሮ የሚሠራበት መመሪያ 13 የመመዘኛ ነጥቦች አሉት፤ ውሳኔውም አንዱን ነጥብ ነጥሎ ሳይሆን ሰውየውን በሙሉ ተመልክቶ እንዲሰጥ ያዛል።

በእኛ ልማድ ምክንያት ብዙ ጊዜ የሚያደናግሩ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛው የስም ነገር ነው። የእኛ ሁለተኛ ስም የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ መጠሪያ ስላልሆነ እናትና ልጅ በፈረንጅ ዓይን ዘመድ አይመስሉም። ሁለተኛው የትውልድ ቀን ነው። ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲመለስ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት አለ፤ ቀኑም ይዛወራል። ብዙዎቻችን ደግሞ የተወለድንበትን ቀን በበዓል እንጂ በቁጥር አናውቀውም። ሦስተኛው በፓስፖርትና በትምህርት ማስረጃ ላይ ስም በልዩ ልዩ ፊደል መጻፉ ነው። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ የሚያውቁትን በትክክል መንገር፣ የማያውቁትን «በግምት ነው» ማለት። ልጅቱ በቅጹ የማብራሪያ ቦታ ላይ ትገልጸዋለች። የማይታወቀውን እንደሚታወቅ አድርጎ መሙላት ግን በኋላ ውሸት ይመስላል። በዚህ ቅጽ ላይ እያወቁ ሐሰት መጻፍ በአሜሪካ ሕግ እስከ 5 ዓመት እሥራት ያስቀጣል።

ዜግነትን በተመለከተ፣ በአገራችን የ1996 ዓ.ም. የዜግነት አዋጅ መሠረት የሌላ አገር ዜግነት በፈቃዷ የወሰደች ሰው ኢትዮጵያዊ ዜግነቷን ትተዋለች። የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያ፣ በተለምዶ ቢጫ ካርድ የሚባለው፣ ዜግነት አይደለም። ልጅዎ ካርዱን ይዛ ከሆነ ግን ሳትደብቅ ብታስታውቅ ይሻላታል።

ሐዋላ፣ ዕቁብና ሌሎችም

ቅጹ ለውጭ አገር ዜጋ የገንዘብ እርዳታ ሰጥተሽ ታውቂያለሽ ወይ ብሎ ይጠይቃል። በየወሩ ለእርስዎ የምትልከው ገንዘብ በዚህ ውስጥ ይገባል። እናትን መጦር ወንጀል አይደለም፤ ይልቁንም የልጅ ወግ ነው። የሚያስፈልገው መጠኑን ማወቅና ደረሰኙን መያዝ ነው። በእጅ በመንገደኛ የተላከ ወይም በማን በኩል እንደ ደረሰ የማይታወቅ ገንዘብ ለማስረዳት ያስቸግራል። በስሟ የተሠራ ቤት ወይም የተገዛ ቦታ በአገር ቤት ካለም መጻፍ አለበት። ስለዚህ «ላስደስታት» ብለው ልጅዎ ሳታውቅ በስሟ ንብረት አያዙሩ።

ዕቁብም እንዲሁ ነው። የዕቁብ ጸሐፊ ሆና የብዙ ሰው ገንዘብ በባንክ ሒሳቧ የሚገባና የሚወጣ ከሆነ፣ ዕቁብ ምን እንደ ሆነ ለማያውቅ መርማሪ አሠራሩን በዝርዝር ማስረዳት ሊኖርባት ነው። መዝገቡን በሥርዓት የያዘች ሴት አትቸገርም።

ከሁሉም በላይ ብዙ ሰዎችን ፈቃዱን የሚያስከለክላቸው ዕዳ ነው። ያልተከፈለ የባንክ ካርድ ዕዳና የተጓደለ ግብር አንዲትን ሴት በገንዘብ ልትደለል ትችላለች የሚል ጥርጣሬ ያመጣል። ለሠርግ ወይም ለተዝካር «ላኪ» እያልን ልጆቻችንን በዕዳ የምንከት ከሆነ ይህን ማሰብ ይገባናል።

ስለ ጫትም አንድ ቃል እንጨምር። በአገራችን በአደባባይ የሚሸጠው ጫት በአሜሪካ ሕግ በውስጡ ባለው ካቲኖን ሳቢያ የተከለከለ ዕፅ ነው። ማሪዋናም በአንዳንድ ክፍለ ግዛቶች ቢፈቀድም በፌዴራሉ ሕግ የተከለከለ ስለሆነ በምርመራው ይጠየቃል።

ልጆቹን ማን ይይዛል?

አመልካቿ እናት ከሆነች ትልቁ ጥያቄ ይህ ነው። በወር አንድ ቅዳሜና እሑድ ቀላል ይመስላል። ይሁንና ተጠባባቂ ማለት የሚጠራ ማለት ነው። ከዚህ ቀደም በኢንዲያና የሳውዝ ቤንድ ከተማ ከንቲባ የነበሩት ፒት ቡቲጄጅ እ.ኤ.አ. በ2009 በዚሁ ቀጥተኛ ሹመት የባሕር ኃይል ተጠባባቂ የመረጃ መኮንን ሆኑ። በ2014 ገና ከንቲባ ሳሉ ተጠርተው ለሰባት ወራት ያህል አፍጋኒስታን ቆይተዋል። ከንቲባ ሊጠራ ከቻለ ነርስም፣ የባንክ ሠራተኛም፣ የሁለት ልጆች እናትም ትጠራለች።

ብቻዋን ልጅ የምታሳድግ ሴት፣ ወይም ባሏም ወታደር የሆነ ሴት፣ የቤተሰብ እንክብካቤ ዕቅድ በጽሑፍ እንድታቀርብ ትገደዳለች። በዚህም በድንገት ብትጠራ ልጆቹን ወዲያው የሚረከበው ማን እንደ ሆነ፣ ለረጅም ጊዜ የሚያሳድጋቸው ማን እንደ ሆነ፣ የውክልና ሥልጣኑና የገንዘቡ ነገር በምን እንደሚፈጸም ይዘረዘራል። ሞግዚቱ ራሱ ወታደር መሆን አይችልም። ብዙዎቻችን «እኔ ሄጄ አሳድግላታለሁ» እንላለን። ነገር ግን ቪዛ በአንድ ሳምንት አይገኝም፤ የቪዛ ቀኑ ያለፈበት ዘመድ በቤት ማስቀመጥም ለልጅቱ ሌላ ችግር ነው። ስለዚህ በዚያው አገር ያለ፣ ልጆቹ የሚያውቁት፣ «እሺ» ብሎ የፈረመ ሰው ያስፈልጋል።

ሕጉ የሚሰጣት ጥበቃም አለ። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው ሕግ ተጠባባቂው ከግዳጅ ሲመለስ አሠሪው ወደ ሥራው እንዲመልሰው ያስገድዳል። በ2003 የወጣው ሌላ ሕግ ከአገልግሎቱ በፊት በተገባ ዕዳ ላይ በግዳጅ ጊዜ የሚከፈለውን ወለድ በ6 በመቶ ይገድባል። በባሕር ኃይሉ የወለደች እናት ደግሞ ለ12 ወራት ወደ ግዳጅ ከመላክ ትታገሣለች።

ከመሐላው በኋላ

ማዕረጉን ካገኘች በኋላም ቤተሰቡ የሚሸከመው ነገር አለ። ወደ ውጭ አገር ለግል ጉዳይ ለመጓዝ አስቀድማ ማሳወቅና ፈቃድ ማግኘት አለባት። ለመስቀል ወይም ለልጅ ክርስትና «ነገ እመጣለሁ» ማለት ይቀራል። የሞት መርዶ ቢመጣ እንኳ ከመነሣቷ በፊት ለኃላፊዋ መንገር፣ ከተመለሰች በኋላም ዝርዝሩን በጽሑፍ ማቅረብ ይጠበቅባታል።

ሥራዋን መምረጥም አትችልም። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ከድሬዳዋ በባቡር መስመር በምትገናኘው በጅቡቲ፣ ካምፕ ሌሞኒየር የተባለ የጦር ሰፈር አለው፤ ተጠባባቂዎችም በየጊዜው ሄደው የሚያገለግሉበት ቦታ ነው። አንዲት በኢትዮጵያ የተወለደች መኮንን እናቷ ያለችበትን አካባቢ የሚመለከት ሥራ ሊደርሳት ይችላል። የገባችው መሐላ ለሌላ አገር ሕገ መንግሥት ነውና ልቧ ቢከፈል እንኳ ሥራዋ ሊከፈል አይችልም። ይህን ጥያቄ ማዕረጉን ከለበሰች በኋላ ሳይሆን ማመልከቻውን ከመሙላቷ በፊት ራሷን ልትጠይቅ ይገባል። እናትም ብትጠይቃት ክፉ አላደረገችም።

እናት ምን ታድርግ?

አንደኛ፣ ለልጅዎ የሚጠይቁት ሁለት ጥያቄ ይኑርዎ፤ «በድንገት ብትጠሪ ልጆቹን የሚረከበው ማን ነው?» እና «ከአገር ቤት ጋር የሚያጋጭ ሥራ ቢደርስሽ ምን ታደርጊያለሽ?» የሚሉ ናቸው። ለሁለቱም ቀጥተኛ መልስ ካላት አስባበታለች ማለት ነው። መልስ ከሌላት አንድ ዓመት ቆይታ ብታመለክት የሚቀርባት ነገር አይኖርም።

ሁለተኛ፣ የቤተሰቡን ሁሉ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ አድራሻና ሥራ በአንድ ወረቀት ላይ በኢትዮጵያና በፈረንጅ አቆጣጠር ጽፈው ይላኩላት። የሞቱትንም አይርሱ።

ሦስተኛ፣ ነገሩ ካለቀና ከተሾመች በዕድርም ሆነ በቡና ላይ የሥራዋን ዓይነት ለጎረቤት አያውሩ። «ልጄ አሜሪካ ትሠራለች» ማለት ይበቃል። የሥራዋን ምሥጢርም አይጠይቋት፤ አልነግርሽም ብትልዎ አይቀየሙ። አንድ የማያውቁት ሰው ስለ እርሷ ቢጠይቅዎ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ይንገሯት።

አራተኛ፣ ማመልከቻው ውድቅ ቢሆን በእርስዎ ምክንያት እንደ ሆነ አድርገው አይቁጠሩ። ቦርዱ የሚቀበለው ጥቂቶችን ብቻ ነው። ያላለፈች ሴት አመዛዝና ያዘጋጀችው ማኅደር፣ የከፈለችው ዕዳ፣ ለልጆቿ ያበጀችው ዕቅድ ሁሉ በእጇ ይቀራል።

ምርጫው የልጅቱ ነው። ለምርጫዋ የሚያስፈልጋትን እውነት ግን ግማሹን የያዘችው በአገር ቤት ያለችው እናት ናት፤ እርሱንም ሳትሸልም ሳትቀንስ ብትሰጣት ከማንም የድጋፍ ደብዳቤ ይልቅ ትጠቅማታለች።